አንሶላ የተሰጣበት ሽቦ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በሰው ጓሮ ስታልፉ አንሶላ ተሰጥቶ ብታዩ፣ ቀና ብላችሁ የተሰጣበትን ገመድ ትመለከታላችሁ? አትመለከቱም። አንሶላው መንጣቱን አይታችሁ ታልፋላችሁ። ይመኙሻል ግን አርባ ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ መስመር ስትዘረጋ የኖረች ሴት ናትና መጀመሪያ የምታየው ገመዱን ነው።

አንድ ቀን፣ ዳምጤ የሚባል ሰው ቢሾፍቱ ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል አሠርቶ ጨረሰና አስጠራት። ዳምጤን ንፉግ ማለት ይከብዳል። ንፉግ የሚባለው ያለውን የማይሰጥ ነው፤ ዳምጤ የሌላ ሰው የሆነውንም አይሰጥም። ሻይ ሲጋብዝ ለሁለት ሰው አንድ ማንኪያ የሚያስመጣ ነው። ይህም ሆኖ የላይኛው ፎቅ ላይ ለሙሽሮች ባሰናዳው ክፍል ጃኩዚ አስገብቷል፤ ውሃው በሞተር እየተገፋ እንደ ፈላ ድስት የሚንተከተክበት ሰፊ ገንዳ። የቀረው የይመኙሻል ፊርማ ብቻ ነበር። የኤሌክትሪኩን ሥራ በኃላፊነት የያዘችው እሷ ስለሆነች፣ እሷ ካልፈረመች ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ቅዳሜ የሚገቡት ሙሽሮች የሉም።

ከወር በፊት መስመሩን ዘርግታ ስትጨርስ ገንዳው ገና ከወደብ አልደረሰም ነበር። ስለዚህ አንድ ጥቅል አረንጓዴና ቢጫ የመዳብ ሽቦ አስገዝታ እዚያው አስቀመጠችና፣ «ገንዳው ሲመጣ ጥሩኝ። በዙሪያው ያለውን ብረት ሁሉ በዚህ ሽቦ አያይዤ ነው ግድግዳው የሚደፈነው» ብላ ሄደች። ገንዳው መጣ። ግድግዳው ተደፈነ። ሴራሚኩም ተለጠፈ። የተጠራችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይመኙሻል በፊት በር መግባት አትወድም፤ የሕንፃ እውነቱ ያለው በጓሮ ነው ትላለች። በጓሮ ስትገባ የሆቴሉ አንሶላዎች ከዳር እስከ ዳር ተሰጥተዋል። የአንዱን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ የተሰጣበትን አየች። አረንጓዴና ቢጫ። በጣቷ ዳሰሰችው፣ አንሶላውን መለሰችና ደረጃውን ወጣች።

ላይ ዳምጤ ብቻውን አልነበረም። ጡረታ የወጡት ዳኛ ጥላዬም ነበሩ፤ የቅዳሜዋ ሙሽራ የልጅ ልጃቸው ስለሆነች ክፍሉን ሊያዩ መጥተው ነው። ይመኙሻልና ዳኛው የቆየ ትውውቅ አላቸው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ታናሽ ወንድሟ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የማጠቢያውን ሞተር ሲነካ መብራት ይዞት ሞተ። ከቤቱ ባለቤት ጋር ሊያስታርቋት ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ዳኛ ጥላዬ ነበሩ። «እግዜር ያመጣው ነው» አሏት። እሷም ውሃ አጠጥታ ሸኘቻቸው፤ ይቅር ግን አላለችም።

«እንኳን ደህና መጡ እትዬ» አለ ዳምጤ። «ወረቀቷ እዚህች ጋ ናት። ምሳው ቀርቧል፤ እንዳይቀዘቅዝ።»

«ይቀዝቅዝ» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተንበረከከች። የገንዳውን የጎን ክዳን በካቻቪቴ ፈትታ በባትሪ አበራች። ሞተሩ አለ። ቱቦው አለ። ሽቦው የሚታሰርበት ብሎን ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል፤ ምንም አልታሰረበትም።

«ሽቦው የት ሄደ?»

«የትኛው ሽቦ?»

«አረንጓዴና ቢጫው።»

«አሃ፣ እሱ።» ዳምጤ ወደ ዳኛው ዞሮ ፈገግ አለ። «እርስዎ ይፍረዱ ዳኛ። ያ ሽቦ አምፖል አያበራ፣ ሞተር አያዞር። ሴራሚክ ለጣፊውን ‹ለመሆኑ መብራት ይሄድበታል?› ብዬ ጠየቅሁት፤ ‹አይሄድበትም› አለኝ። መብራት የማይሄድበትን መዳብ ግድግዳ ውስጥ ልቅበር? እኛ ሬሳ እንኳ ስንቀብር ጌጡን አውልቀን ነው።»

«ሥራ ፈት ሽቦ ነው ትለኛለህ።»

«እርስዎ አሉት እትዬ።»

«ሥራስ አግኝተህለታል። ስመጣ አይቼዋለሁ።»

ዳምጤ ሳል ያዘው።

ዳኛው ወደ ገንዳው ጠጋ አሉ። «ይመኙ፣ እስቲ ለእኔም እንዲገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ። ምን ያደርጋል ይሄ ሽቦ?»

«ያስታርቃል» አለች፣ እንደተንበረከከች። «ሞተሩ ብረት ነው፣ ቱቦው ብረት ነው፣ ሰው ይዞት የሚነሳው ይሄ መደገፊያም ብረት ነው። አንድ ቀን ሞተሩ ያረጅና መብራት ያሾልካል። ያን ጊዜ ብረቶቹ ይጣላሉ። ሽቦው ካያያዛቸው ሁሉም እኩል ስለሆኑ የሚጣሉበት ነገር የለም። ካላያያዛቸው ግን ውሃው ውስጥ ሆኖ አንዱን በእግሩ፣ አንዱን በእጁ የነካ ሰው መሃል ይገባል። የተጣሉ ሰዎች መሃል የገባ ሽማግሌ ምን እንደሚደርስበት እርስዎ ያውቁታል።»

ዳኛው ግንባራቸው ላይ ያለችውን የድሮ ጠባሳ ዳሰስ አደረጉ።

«አደጋ ሲመጣ መብራቱን የሚቆርጥ ብሬከር አለ አይደል እንዴ?» አለ ዳምጤ። «እሱስ ለምን ተገዛ?»

«ብሬከር ዘበኛ ነው። ዘበኛ ቀጥሬያለሁ ብለህ በርህን ክፍት አድርገህ ትተኛለህ?»

ዳምጤ በዚህ መንገድ እንደማያሸንፍ ሲገባው ሌላ መንገድ ያዘ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሷ ግን እንድትሰማው አድርጎ፣ ለዳኛው ነገራቸው። «እርጅና ነው ዳኛ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሌለ ነገር ያያሉ። ግድ የለም፣ እሳቸው እምቢ ካሉ ኃላፊነቱን አዛውሬ ከአዲስ አበባ አንድ ጎረምሳ አስመጣለሁ። ደረጃውን እንኳ ሳይወጣ ታች ፈርሞልኝ ይሄዳል።»

ይህን ይመኙሻልም ታውቃለች። በዚህ አገር ሽቦ ይጠፋል እንጂ ፈራሚ አይጠፋም። ተቆጥታ ብትወጣ ነገ ሌላ ሰው ይፈርማል፤ ቅዳሜ ያቺ ልጅ መጥታ እዚህ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ስለ ዓይኗ የተባለውን ነገር ዋጥ አደረገችና ተነሣች። ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አወጣች።

«ይሁን። እፈርማለሁ።»

«ይባረኩ እትዬ፤ እኔም ያልኩት...»

«ገንዳውን ሙላውና ሞተሩን አስነሳው።»

ዳምጤ ደስ ብሎት ሞላው። ውሃው እስኪሞላ ዳኛው ስለ ሙሽራይቱ ቀሚስ አወሩ፤ ማንም አልሰማቸውም። ሞተሩ ተነሣ፤ ውሃው ተንተከተከ። ይመኙሻል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እስክሪብቶውን ከፈተች።

«ዳምጤ፣ እናትህ እትዬ ድንቄ ጠጅ ቤት ነበራቸው አይደል?»

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነበራቸው እንጂ። የእሳቸው ጠጅ የት ይገኛል።»

«ለእንግዳ ሲያሳልፉ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሱ ነበራ።»

«ለምን?»

«እንግዳው እንዳይሰጋ ነዋ፤ ምን ይጠየቃል...»

«እንግዲህ አሳላፊው አንተ ነህ» አለች ይመኙሻል። «እንግዶችህ ቅዳሜ ይመጣሉ። ቅመስላቸው። እግርህን ከውሃው፣ እጅህን ከዚያ መደገፊያ። አንተ ስትቀምስ እኔ እፈርማለሁ።»

ዳምጤ ገንዳውን አየ። መደገፊያውን አየ። ዳኛውን አየ፤ ዳኛው እሱን ያያሉ። ጎንበስ ብሎ አንድ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዶ ኖሮ እሱንም አወለቀው። እግሩን አነሣ። እግሩ ከውሃው በላይ ቆሞ ቀረ።

ሞተሩ አዲስ ነው፤ ዛሬ ምንም አያደርገውም ነበር። ይህን ይመኙሻል ታውቃለች። ዳምጤ አያውቅም፤ ላለማወቅ ጆሮውን የዘጋው ራሱ ነው።

«ለነገሩ ጉንፋን ይዞኛል» አለ።

«ሙቅ ውሃ ለጉንፋን ፍቱን ነው» አሉ ዳኛው።

«ዛሬ ረቡዕ ነው ዳኛ። ጾም ነው።»

«እግር መንከር ያስገድፋል ሲባል እኔ አልሰማሁም።»

ዳምጤ እግሩን መለሰና ካልሲውን መፈለግ ጀመረ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አነሡ። «ለራስህ የፈራኸውን ለልጄ አዘጋጅተህ ኖሯል» አሉትና ምሳው ወደ ቀረበበት ሳይዞሩ ደረጃውን ወረዱ። ዳምጤም በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ባዶ ሆኖ «ዳኛ! ዳኛ!» እያለ ተከተላቸው። ይመኙሻል በመስኮት ቁልቁል ስታይ፣ ሰውየው ጓሮ ውስጥ አንሶላዎቹን ጭቃ ላይ እየጣለ ሽቦውን ይጠቀልላል።

በማግስቱ ሴራሚኩ ፈረሰ። ይመኙሻል ሞተሩን፣ ቱቦውን፣ መደገፊያውን፣ አንድ በአንድ በራሷ እጅ አሰረች። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻውን ብሎን ስታጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ዳኛ ጥላዬ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ከኋላቸው ዳምጤ በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ድንጋዩ ከፈረሰው ሴራሚክ የተረፈ ስባሪ ነበር፤ ከባዱን መሸከም እንኳ ቆጥቧል።

«እትዬ፣ ስለ ዓይንዎ ክፉ ተናግሬያለሁ» አለ። «ይማሩኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ዳኛው ቀጠሉ። «ይመኙ፣ የልጄን ነፍስ አትርፈሻል። በዚህ ቤት ብረቱ እንኳ ታርቋል። እስቲ ዛሬ ይቅር ለእግዚአብሔር በይው። እኔም በዚያው አለሁበት፤ የወንድምሽ ጊዜ ያልኩሽን አልረሳሁትም።»

ይመኙሻል ብሎኑን አንዴ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፤ አልተነቃነቀም። ክዳኑን ገጠመች። እጇን ጠረገች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመችና ለዳምጤ ሰጠችው፤ ለመቀበል ስባሪውን መሬት ማስቀመጥ ነበረበት።

«ፈርሜያለሁ። ልጅቷ ሳትሰጋ ትታጠብ» አለችና እስክሪብቶዋን ወደ ደረት ኪሷ መለሰች። «ይቅር ግን አልልም። እሱንም፣ እርስዎንም፣ ማንንም።»