የዱባ ወጥና የነጋዴው ቆርቆሮ

አንድ አስረስ የሚባል ነጋዴ በደለኝ። ስሙን የምጠራው ልረግመው አይደለም፤ ደግ ሰው ነበር። ደግ ሰው ሲበድል ግን ከክፉው ይብሳል። ክፉውን ተሳድበህ ትገላገለዋለህ፤ ደጉን ምን ትለዋለህ?

እኔ በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሴት ነኝ። ስሜ አትጠገብ ይባላል። ደሴታችን ትንሽ ናት፤ በአንዱ ዳር የተሳደበ ሰው በሌላው ዳር መልሱን ይሰማል። ስድሳ ያህል ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት ማሳ አለን፤ የቀረው ድንጋይና ውኃ ነው።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ከሐይቁ ላይ አውሎ ነፋስ ተነሣ። ነፋስስ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለውን ግን አባቶቻችንም አላወሩልንም። ከማለዳ እስከ ቀትር ነፈሰ። ታንኳዎቻችንን አንሥቶ ዋርካ ላይ ሰቀላቸው። ጎተራ ገልብጦ እህሉን ጭቃ ላይ በተነው። ጋብ ሲል ከስድሳው ቤት ክዳን የቀረለት ዐሥራ አንድ ብቻ ነበር። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን አልን። ነገር ግን ክረምቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ክዳን የሌለው ቤት አንድ ክረምት ከመታው ግድግዳው ይሟሟል፤ ግድግዳው የሟሟበት ሰው ደግሞ ልጆቹን ይዞ ወደ ማዶ መሻገሩ ነው። የተሻገረ ሲመለስ አላየሁም።

አስረስ ከሐይቁ ማዶ ያለው ከተማ ሰው ነው። የሞተር ጀልባ አለው። ወሬውን በሰማ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ዐሥራ ሁለት አናጢ ጭኖ መጣ። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልለመነውም። ይህን የማወራው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ ልደብቀው ብፈልግ እችልበታለሁ። አናጢዎቹም ሰነፎች አልነበሩም፤ በቀን አራት አምስት ቤት ይከድኑ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ «ይህች አሮጊት ምን ነካት» ትሉኛላችሁ። በደሴታችን ቤት የሚሠራለት ሰው ሠሪዎቹን ከራሱ ድስት ያበላል። ያለው በግ ያርዳል፤ የሌለው ቆሎም ቢሆን ያቀርባል። ሠሪዎቹ ያልበሉበት ቤት የሙት ቤት ይባላል። ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ሰው በገዛ ቤቱ እሳት ሳያነድድ የሌላ ሰው ምግብ የሚገባለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሬሳ የወጣ ዕለት።

አስረስ ይህን አያውቅም። ለአናጢዎቹ ዳቦና ሻይ ከማዶ ጭኖ ስለመጣ በልተው ሠርተው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። ሰዉም ዝም አለ። ነገር ግን አዲስ ቤታቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ጥግ ጥጉን ይዘው ሲቀመጡ አየኋቸው። አንዷ ጎረቤቴ «ቤቱስ አያፈስም፤ እኔን ግን እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ስለተቀበልሽ ነው» አልኳት። ምላሴ እንዲህ ነው።

ተራዬ ሲደርስ ተሰናድቼ ጠበቅሁ። ከወደቀ ግድግዳ ሥር አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ዱባ አግኝቼ ነበር። በርበሬ ከዚህ፣ ሽንኩርት ከዚያ ለቃቅሜ ከአውሎ ነፋሱ በተረፈችኝ አንዲት ድስት ወጥ ሠራሁ። ረፋድ ላይ ሦስት ቆርቆሮ እንደቸነከሩ ቅጠል አነጠፍኩና «ኑ ውረዱ፣ ቅመሱ» አልኳቸው። የአናጢዎቹ አለቃ ዋለልኝ የሚባል ሆዱ ቀደም ያለ ሰው ነው፤ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳርፎ ነበር።

«ቆይ ዋለልኝ!» አለ አስረስ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማማ፣ ድስትዎን ያንሡት። የእኔ ሠራተኞች የተቸገረ ሰው ምግብ አይበሉም።»

«የተቸገረው ማን ነው?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎታ። ለራትዎ ያስቀምጡት።»

«እንግዳዬን ጦሙን ሰድጄ ራት የምበላ እመስልሃለሁ?»

«እማማ፣ አሁን የወግ ጊዜ አይደለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰሙም?»

ሰው ሳቀ። አርባ ሰው ይሆናል የቆመው፤ አርባውም ሳቀ። እኔ ሦስት ባል ቀብሬ የማንም ደጅ ያልቆምኩ ሴት፣ በገዛ ደጄ፣ አንቱ እየተባልኩ ተሰደብኩ።

«እናንተ!» አልኳቸው ጣሪያው ላይ ያሉትን፣ «ከቤቴ ላይ ውረዱ። የቸነከራችሁትንም ነቅላችሁ ውረዱ።»

ነቅለው ወረዱ። ያን ዕለት እስኪመሽ ተራ የሚጠብቁት ሌሎች ስድስት ቤቶችም «እትዬ አትጠገብ እምቢ ካለች እኛም እምቢ» አሉ። ከእኔ ጋር ሰባት ሆንን። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ። አስረስ ሁለት ቀን ሽማግሌ ላከ፤ እንዳመጣጣቸው መለስኳቸው። በሦስተኛው ቀን «እንግዲያው ዝናቡን ተቀበሉት» አለና የተረፈውን ቆርቆሮ ወደ ጀልባው ያስጭን ጀመር። ሊሄድ ያሰበው በማግስቱ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ብዙ አልነበረም፤ ክረምቱ ደጅ ሲያንኳኳ ነው። እኔ ከግድግዳዬ ጥግ ቁርበት ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለው ቤት የደብሬ ነው። ከሰባቱ አንዷ ናት። ባሏ ዘር ፍለጋ ማዶ ተሻግሯል፤ እሷ ከወለደች ገና ዐሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የሕፃኑን ለቅሶ ሰማሁ። እያለቀሰ ቢቀጥል ግድ አልነበረኝም፤ ዝም ሲል ግን ተነሥቼ ሮጥኩ።

ደብሬ ልጁን በሆዷ አቅፋ በጀርባዋ ዝናቡን ከልክላ አገኘኋት። የልጁ ከንፈር ጠቁሯል።

«ምን ሊሠሩ መጡ?» አለችኝ።

«ቁርበት ላልብስሽ ነዋ።»

«ቁርበትዎን አልፈልግም። እትዬ፣ ኩራትሽ ክዳን ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ሰባታችንም ተጠልለንበት ነበር።»

አንቺ አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ነበር የምትለኝ።

«አንቺስ እምቢ ስትዪ ማን አስገደደሽ?» አልኳት።

«አንቺ እምቢ ያልሽውን እኔ እሺ ብል ምን ስም ታወጪልኝ ነበር? ምላስሽን አላውቀውም? ስድስታችንም ዱባሽን አይተን አይደለም እምቢ ያልነው፤ አንቺን ፈርተን ነው።»

 ቁርበቱን ከላይዋ ዘርግቼ ዝናቡ እስኪያባራ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ልጁ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ሞቀው፤ ከንፈሩም ተመለሰ። እሷ ዳግመኛ አላናገረችኝም። ሲያባራ ወደ ጀልባው ወረድኩ።

አስረስ ቆርቆሮውን በሸራ ይሸፍናል። ዋለልኝ አጠገቡ ደረቅ ዳቦ ይዞ ይታገላል።

«አስረስ፣ ቆርቆሮህን አውርድ» አልኩት።

«ማንን ልከድንበት? ሰባታችሁም እምቢ አላላችሁም?»

«ደብሬን ክደንላት። የእኔን ብትፈልግ ተወው። ሕፃን ልጅ በረደው።»

እጁን አሳርፎ አየኝ። «እማማ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ምን በደልኩ? እንዳይቸገሩ ብዬ እኮ ነው።»

ነገርኩት። የሙት ቤት የምንለው ምን እንደሆነ፣ «ድስትዎን ያንሡት» ሲለኝ በቁሜ እንደቀበረኝ ነገርኩት። ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ያደግሁት በሰው ቤት ነው» አለኝ። «በበላሁ ቁጥር ‹ዛሬም በላህ?› ይሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሌለው ሰው ምግብ ሲያቀርብልኝ የቀማሁት ይመስለኛል። ጉሮሮዬን አልወርድ ይለኛል። ግን ይህን ልማዳችሁን አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«አስቀድመህ ብትጠይቀኝስ ምን ነበረበት?»

«እኔን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም» አለ ዋለልኝ ዳቦውን አስቀምጦ። «ከማለዳ ጀምሮ ጣሪያ ላይ ሆኜ ያን ወጥ ሳሸት ነበር። እማማ ውረዱ ብለው ሲጮኹ እኔን ያንገበገበኝ ስድቡ አይደለም፤ ወጡ ነው።»

«አንተ ሆዳም!» አልኩት። ሳቅ አመለጠኝ። አስረስም ሳቀ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። እንዲያ ያለው ነገር ለእኔና ለእሱ ዓይነት ሰው ይከብዳል።

«እሺ፣ ነገ ከአራሷ ቤት እንጀምራለን» አለ። «በልማዳችሁ ታዲያ ማን ሊያበላን ነው? እሷ ተነሥታ አትሠራ፤ የሚሠራም የላት።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ መከራ የደረሰበትን ሰው ልትረዱ ስትሄዱ የምትሰጡትን ብቻ ጭናችሁ አትሂዱ። ባዶ ሆድም ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉን ያጣ ሰው የመጨረሻ የሚያጣው ሌላውን ማብላት ነው፤ እሱን ከወሰዳችሁበት ቆርቆሮው ከዝናብ ያድነዋል እንጂ ቤተኛ አያደርገውም። አስረስ ጀልባ ሙሉ ዕቃ አምጥቶ የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» የሚል።

ለእናንተ ደግሞ፣ እንደ እኔ አንገታችሁ ለማይታጠፍ፣ ሌላ ነገር አለኝ። ክብር ጥሩ ነው፤ እኔ ያለ እሱ አንድ ቀን አልኖርኩም። ግን የራሴን ክብር ስጠብቅ የሰው ልጅ ዝናብ ላይ እንዳሰጣሁ ዞር ብዬ አላየሁም። ተከተሉኝ ብዬ የኮራሁባቸው ሰዎች ምላሴን የፈሩ ነበሩ። እናንተስ፣ ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ወድዷችሁ ይሁን ፈርቷችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ምክር መስጠት ለአሮጊት ቀላል ነው፤ ያደረግሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። ያ ዝናብ ክዳን የሌለንን የሰባታችንን እሳት አጥፍቶት ነበር። የተረፈው የደብሬ ብቻ ነው፤ የአራስ ቤት እሳት አይጥፋ ብለው ጎረቤቶች በድንጋይ ከልለው አመድ አልብሰውላት ስለነበር። በእኛ ዘንድ ወጡን የሠራው ማንም ይሁን ማን፣ አብሳዩ የሚባለው እሳቱን የሰጠው ቤት ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ሰው ከእኔ ዘንድ እሳት ይጭራል እንጂ ከሰው ደጅ ጭሬ አላውቅም።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ገል ይዤ ደብሬ ደጅ ሄድኩ፤ ጎንበስ አልኩና «ደብሬ፣ ለአናጢዎችሽ የማበስልበት እሳት ልጭር መጥቼ ነበር» አልኳት።