ዘመድ ያልሆነ አይምጣ

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። እስክሪብቶሽን አስቀምጪ ረድኤት፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «ቲቸር፣ ክሮሞሶም ውስጥ ያሉት ሂስቶን ያልሆኑ ፕሮቲኖች ስም እንኳ ካልወጣላቸው ለምን እናጠናቸዋለን?» ነው ያልሽው። ክፍሉም ሳቀ። እንግዲህ ሳልቆጣ ልመልስልሽ፤ ተቆጥቻለሁ ግን።

ይህ ሀብታም አንዲት ልጁን ሊድር ተነሣ። ጎረቤቶቹ በዋዜማው መጥተው እንጨት ቆርጠው፣ ጉድጓድ ምሰው፣ ምሰሶ አቁመው ሰፊ ዳስ ጣሉለት። ሰውየው ዳሱን ዞሮ አየና ደስ አለው፤ ደስ ሲለው ደግሞ ኩራት ያዘው። «ይህ የሥጋ ዘመድ ሰርግ ነው። ነገ ዘመድ ያልሆነ አይምጣ» አለ።

ሚስቱ ደነገጠች። «ታዲያ ማን ሊያሳልፍ ነው? ሥጋውንስ ማን ሊቆርጥ ነው?»

«ዘመዶቼ እጅ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው» አለች፤ «ለመጉረስ ነዋ።»

በማግስቱ ከአምስት ቤት የተወለዱ ዘመዶች ግር ብለው መጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጅቷን ይወዷታል፤ ስለሚወዷትም ዙሪያዋን ከበው፣ ተጠጋግተውና ተደራርበው ተቀመጡ። ሙሽራዋ ከመሃላቸው አትታይም። አንድ ወፍራም አጎቷማ የቀሚሷ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደረሰ። የሙሽራዋ ወገኖች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው አናስገባም እያሉ ይዘፍኑ ጀመር። በዚያ አገር ዘመድ ቀድሞ «ይግቡ» ካለ ልጅቷን ጠልቷት ነው ይባላል፤ ስለዚህ ያን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ ባዕድ ነው። በዚያ ሰፈር ደግሞ ሥራው የአንድ ኮርቻ ሠሪ ጎረቤት ነበር። ዘፈኑ ሲበቃ ብድግ ይልና «በቃ፣ ይግቡ» ይላል፤ ዘመዱ ሁሉ በአፉ እያጉረመረመ በልቡ ያመሰግነዋል።

ኮርቻ ሠሪው ግን ያን ቀን አልተጠራም። ዘመዶቹ ዘፈኑ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ዘፈኑ። እርስ በርስ ተያዩ፤ በሩን የሚከፍት ጠፋ። ከውጭ ያሉት ሚዜዎች መጀመሪያ ጨፈሩ፣ ከዚያ ቆሙ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። በመጨረሻ የሙሽራው አባት «ልጃቸውን ሊሰጡን አልፈለጉም፤ እንመለስ» ብለው በቅሏቸውን አዞሩ። ሙሽራዋ ከውስጥ «አባዬ፣ ልዳር ነው ወይስ እዚሁ ላርጅ?» ብላ ጮኸች። ልትነሣም ሞከረች፤ የቀሚሷ ጫፍ ተቀደደ እንጂ አልወጣላትም። አጎቷ አልነቁም።

ሀብታሙ የጓሮውን አጥር ዘሎ፣ ሱሪውን ቀድዶ፣ ኮርቻ ሠሪው ቤት ገባ። ሰውየው እግሩን ዘርግቶ ቆዳ ይሰፋል።

«ወንድሜ ድረስልኝ! የልጄ ሰርግ ሊበተንብኝ ነው!»

«እኔ እኮ ዘመድ አይደለሁም» አለ ኮርቻ ሠሪው፣ ቀና ሳይል።

«ስላልሆንክማ ነው የመጣሁት!»

ኮርቻ ሠሪው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ተነሥቶ ሌሎቹንም ጎረቤቶች እየጠራ ሄደና በሩ ላይ ቆሞ «በቃ፣ ይግቡ» አለ። በሩ ተከፈተ፤ የሙሽራው አባትም በቅሏቸውን መልሰው ከነሚዜዎቹ ገቡ። አንዱ ዘመዶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ መንገድ አስለቀቀ፤ አንዷ አጎትየውን ቀስቅሳ አስነሣችና የተቀደደውን የቀሚስ ጫፍ ሰፋች፤ ሌላው ቢላዋውን ይዞ ወደ ሥጋው ሄደ። ሙሽራዋ ወጣች። ዘመዶቿ ሊያዩዋት ተከትለዋት ወጡ፤ ዳሱ ባዶውን ቀረ፣ ባዶውንም ቀጥ ብሎ ቆመ። ሀብታሙ ምሰሶዎቹን ሲያይ ማን እንዳቆማቸው ትዝ አለው፤ በጣም አፈረ።

እንግዲህ ረድኤት፣ ያ ቤት ክሮሞሶም ነው። ሙሽራዋ በዲኤንኤው ላይ የተጻፈች መልእክት ናት። ሂስቶኖች እንደ ዘመዶቹ አምስት ቤት ናቸው፤ በብዛት ሆነው ያን ረጅም የዲኤንኤ ክር ጠቅልለው ይይዛሉ። እነሱ ባይኖሩ ሴሉ ለክሩ አይበቃውም፤ አልንቃቸውም። ግን ሁሉም ጠቅልሎ ከተቀመጠ መልእክቱን ማን ያውጣው? በሩን የሚከፍቱት ሂስቶን ያልሆኑት ናቸው። የክሩን ቅጂ የሚሠሩት፣ የተበጠሰውን የሚጠግኑት፣ ሴሉ ለሁለት ሲከፈልም ክሮሞሶሞቹን በየወገናቸው የሚሸኙት እነሱ ናቸው። ምሰሶዎቹም የእነሱ ናቸው፤ ተመራማሪዎች ሂስቶኖቹን አጥበው ቢያስወጧቸው እንኳ ክሩ በምሰሶዎቹ ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ስም የላቸውም አልሽ። እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ዓይነታቸው ስለበዛብን መዘርዘሩ ታክቶን «ያልሆኑ» ብለን አንድ ጆንያ ውስጥ የከተትናቸው እኛ ነን።

ፈተና ላይም ይመጣሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ ዛሬ ጠዋት አርፍደሽ ስትመጪ የግቢውን በር የከፈተልሽ አስተማሪ ነበር? አልነበረም። ታዲያ «አስተማሪ ያልሆኑት ሰውዬ» ብለሽ ነው የጠራሻቸው? «ጋሼ ደጀኔ፣ በናትዎ ይክፈቱልኝ» ነው ያልሽው። በመስኮት ሰምቼሻለሁ።