እትዬ ጃርትና የገደል ማሚቶ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ አውሬው ከአውሬው፣ ድንጋዩም ከድንጋዩ በሚነጋገርበት ዘመን፣ ጉም በማይለየው ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ጃርት ትኖር ነበር። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ባሏ ደግሞ አንድ ክረምት ሥር ሊቆፍር ወደ ገደሉ ጠርዝ ወጥቶ፣ አፈሩ ከእግሩ ሥር ከዳውና ወደ ታች ወረደ። ሬሳውን ያየ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ ጃርት» ይላታል፤ «እሾሄ» ብሎ የሚጠራት ግን ከዚያ ወዲህ አልነበረም።

በዚያ አገር እናቶች ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ልጆቻቸውን በየጉድጓዱ ትተው ነበር የሚሄዱት። አንድ ቀን ጭልፊት ከጥንቸል ልጆች አንዱን ነጥቆ በገደሉ ላይ ይዞት በረረ። በማግስቱ ጥንቸል፣ ሽኮኮና ቆቅ ተያይዘው እትዬ ጃርት ደጅ መጡ።

«እትዬ ጃርት፣ የእርስዎ ጉድጓድ ሰፊ ነው» አለች ጥንቸል። «እኛ ስንወጣ ልጆቹን ይያዙልን።»

«መያዙንስ እይዛቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ምን ላድርጋቸው?»

«ያስተምሯቸዋ» አለች ቆቅ። «እንዲያው ሲንጫጩ አይዋሉ።»

እትዬ ጃርት አሰበች፣ አሰበች፣ አልሆነላትም። ምክር ልትጠይቅ ወጣች።

መንገድ ላይ ዔሊን አገኘች። «ዔሊ፣ ዔሊ፣ ልጆችን በምን ላስተምር?»

«አስቀምጫቸው» አለች ዔሊ። «የተቀመጠ ልጅ አይወድቅም።»

አለፍ ስትል ጦጣን አገኘች። «ጦጣ፣ ጦጣ፣ ልጆችን በምን ላስተምር?»

«ልቀቂያቸው» አለ ጦጣ። «የወደቀ ልጅ መውጣት ይማራል።»

አሁንም አለፍ ስትል፣ ምንጩ ዳር ሰው ረስቶት የሄደ ቅል አገኘች። «ቅል፣ ቅል፣ ልጆችን በምን ላስተምር?»

«የኔ አንገት ጠባብ ነው» አላት ቅሉ። «ውሃውን ባንዴ ቢገለብጡብኝ ደጅ ይፈሳል። ጠብ ጠብ ቢያደርጉልኝ እሞላለሁ። ልጅም እንደዚያው ነው። ጠብታው ደግሞ ጨዋታ ነው።»

ይህ ገባት። ከምንጩ እስከ ቤቷ እየሄደች የልጆቹን ውሎ አቀደች። ጠዋት ዓይናቸውን ጨፍነው ቅጠል ያሸታሉ፤ የሚበላውን ከመርዙ በአፍንጫቸው ይለያሉ። ረፋድ ላይ ጠጠር ይደረድራሉ፤ የማን እንደሚበዛ፣ የማን እንደሚያንስ ይከራከራሉ። ከሰዓት ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ መደበቅ የቻለን ልጅ ጭልፊት አያገኘውም። ላዩ ጨዋታ፣ ውስጡ ትምህርት።

ልጆቹ መጡ፤ አንዲት የጥንቸል ልጅ፣ አንድ የሽኮኮ ልጅ፣ አንድ የቆቅ ጫጩት። አሸተቱ፣ ደረደሩ፣ ተደበቁ። ሲመሽ ቆቅ ልጇን ጠየቀችው።

«ዛሬ ምን ተማርክ?»

«ተደበቅን።»

«ሌላስ?»

«ሳቅን።»

የቆቅ ፊት ጠቆረ። «እትዬ ጃርት፣ ልጄን ሳቅ ያስተምሩልኝ አላልኩም። ሳቁንማ እቤቱም ይስቃል። የወፎቹ ልጆች ዜማ አውርደው ጨርሰዋል» አለች። ጥንቸልና ሽኮኮም መሬት መሬቱን አዩ እንጂ ለእትዬ ጃርት አልተናገሩላትም።

ነገሩ ውስጧ ገባ። በማግስቱ ልጆቹ ሳይመጡ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄደች። «ምን ባደርግ ይሻላል?» አለች ለራሷ።

«ይሻላል... ሻላል...» አለ ከታች።

ይህች የገደል ማሚቶ ነበረች። ማሚቶ የራሷ ቃል የላትም። የምትኖረው ሌላው በጣለው ቃል ነው፤ አንዴ ያነሳችውን ግን አትለቅም። እትዬ ጃርት ልትመለስ ስትል ጉሙ ተነሳና ከውስጡ ሌላ ድምፅ ወጣ።

«እሾሄ።»

እሾኋ ሁሉ ቆመ።

«እሾሄ፣ ልጆቹን አምጪልኝ። እኔ አስተምራቸዋለሁ።»

ቃሉ ከብዙ አፍ የተለቀመ ነበር፤ አንዱ የአዳኝ፣ አንዱ የመንገደኛ፣ አንዱ ልጇን የምትጣራ እናት። ድምፁ ግን የባሏ ነበር። እትዬ ጃርት የሞተ እንደማይመለስ ታውቃለች። እያወቀችም ልጆቹን ይዛ መጣች፤ ያንን ድምፅ ደግማ ልትሰማ።

ልጆቹ በጠርዙ ላይ ተደረደሩ። ማሚቶ ትላለች፣ እነሱ ይደግማሉ። በመጀመሪያው ቀን ቃል ደገሙ። በሁለተኛው ቀን ዜማ ደገሙ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ባንድ አፍ፣ ባንድ ትንፋሽ ደገሙ። እናቶቹ ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። «ይኸዋ፣ ትምህርት ማለት ይህ ነው» አለች ቆቅ።

ዳሩ ግን ጥንቸል ቤቷ ገብታ፣ «ራበሽ፣ ልጄ?» ብትላት፣ «ልጄ» አለቻት ልጇ። ሽኮኮ፣ «ማን መታህ?» ብትለው፣ «መታህ» አላት ልጇ። የቆቅ ጫጩት ሳቅ ተወ። ተኝቶም አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም። ፀሐይ ላይ ሲቆሙ የሦስቱም ጥላ ወደ ገደሉ ያጋድላል፤ ፀሐይ በየትም በኩል ትሁን፣ ወደ ገደሉ። እትዬ ጃርት ይህን ሁሉ አየች። አየችና ዝም አለች፤ ድምፁ በየቀኑ «እሾሄ» ይላት ነበርና።

አንድ እኩለ ቀን ጉሙ ከወትሮው ከበደ። እትዬ ጃርት ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ልጆቹ ከነበሩበት ቦታ ወደፊት ተጠግተዋል። የሽኮኮው ልጅ የፊት እግሮች አየር ላይ ናቸው።

«ነይ፣ እሾሄ» አለ ድምፁ። «አንቺም ነይ። ልጆቹም ይምጡ። እዚህ ሁላችንም አለን።»

ከባሏ ድምፅ ሥር ደግሞ ሌላ ቀጭን ድምፅ ሰማች። «እማዬ» ይላል። ጭልፊት በገደሉ ላይ ይዞት ያለፈው የጥንቸል ልጅ ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ እትዬ ጃርት ከታች ያለው ባሏ እንዳልሆነ ሆዷ አመነ።

«ልጆች፣ ተመለሱ» አለች።

«ተመለሱ» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ። ንቅንቅ አላሉም።

«ወደ ኋላ» አለች።

«ኋላ» አሉ። የሽኮኮው ልጅ ጭራሽ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

ሦስተኛ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። የጣለችው ቃል ሁሉ ለማሚቶ ጉርሻ እንደሆነ ገባት። ሮጣ ልትይዛቸው ብትል ደንግጠው ይወድቃሉ። እሾኋ እንዳይንኳኳ ሰብስባ፣ እያፈገፈገች ሄዳ ከቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ተደበቀች።

«እሾሄ፣ የት ነሽ?» አለ ድምፁ።

ከንፈሯን ነከሰች።

«እሾሄ፣ ተይኝ እንጂ አትተይኝ» አለ፤ ቃሉ መደበላለቅ ጀምሮ ነበር።

እንባዋ ወረደ፤ አልመለሰችም።

በሦስተኛው «እሾ...» አለ። ከዚያ በኋላ የማንም ድምፅ አልነበረም፤ ነፋስ ነበር።

ጸጥ አለ። ልጆቹ የሚደግሙት አጡ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። የሽኮኮው ልጅ ቀስ ብሎ ዞር አለ። እትዬ ጃርት የለችም። አፍንጫውን ወደ መሬት አደረገ፣ አሸተተ፤ እግሩን ከአየሩ ላይ መለሰ። የጥንቸሏ ልጅ ተከተለችው። ጫጩቱም ተከተለ። በጉሙ ውስጥ እያሸተቱ፣ እየተደነቃቀፉ፣ እየቆሙ ቀጋው ሥር ደረሱ።

«እዚህ ነሽ» አለ የሽኮኮው ልጅ።

ይህን ቃል ከእሱ በፊት ማንም አላለውም ነበር።

«ጀርባዋ እኮ ይታያል» አለች የጥንቸሏ ልጅ። ጫጩቱ ሳቀ፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ እንደ ሳቅ። እትዬ ጃርት እሾኋ እንዳይወጋቸው ተጠንቅቃ ሦስቱንም ሆዷ ሥር ሰበሰበች። ከበስተኋላቸው ገደሉ «ነሽ... ነሽ...» እያለ ይጣራል። አንዳቸውም አልዞሩም።

ሲመሽ ቆቅ መጣች። «እስቲ ዜማህን አውርድልኝ» አለችው ልጇን።

ጫጩቱ አንጋጦ አያት። «እማዬ፣ ጭልፊቱ የወሰደው ልጅ ለምን ያለቅሳል?»

ቆቅ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና ክንፏን ዘርግታ አቀፈችው። «እትዬ ጃርት፣ ነገ ምን ያስተምሯቸዋል?» አለች።

«ነገ ቤት እንቆፍራለን» አለች እትዬ ጃርት። «ከገደሉ ርቀን፣ ከኮረብታው ወዲያ። አፈር መጫር ጨዋታ ነው።»

እንዳለችውም አደረገች። ነፋስ ሲነሳ ድምፁ ኮረብታውን ተሻግሮ ይመጣ ነበር ይላሉ። እትዬ ጃርት እጇ ለአፍታ ቆም ይላል፤ ከዚያ ከልጆቹ ጋር ጠጠሯን ትደረድራለች።

እናንተም ይህን ተረት ለልጆቻችሁ ስትነግሩ በእኔ ቃል አትንገሩ፤ በራሳችሁ ንገሩት። ያስደገሙት ልጅ ለገደል ይመልሳል፤ ያጫወቱት ልጅ ለእናቱ ይመልሳል።