ሾፌሩ የሸፈነው መለኪያ

አንዲት ሴት የንስሐ አባቷን፣ «አባ፣ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ሐኪሙ ክፉ ነገር ቢነግረኝስ? ባላውቀው አይሻለኝም?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት።

አንድ ሾፌር ነበረ። ልጆቹን የሚያሳድገው በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ነው። አንድ ቀን ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ቀይ መስመር ስትነካ አየና ደነገጠ። «ሞተሩ አልቆለታል ቢሉኝ ምን ይውጠኛል?» አለ። መካኒክ ዘንድ አልሄደም። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን ውሃ ይሞላል፤ ማታ ጎድሎ ያገኘዋል፤ ውሃው የት እንደሚገባ ግን አጎንብሶ አላየም። ቀስቷን ማየት ቢያቅተው መለኪያው ላይ ፕላስተር ለጠፈበት።

ታዲያ ሰላም አገኘ? አላገኘም። ዳገት በመጣ ቁጥር ተሳፋሪ ሲያወራው አይሰማም፤ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ሰው ሞልቶ በገደል አፋፍ ሲወጣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። መስታወቱ ጉም ለበሰ፤ መንገዱ ጠፋው። «እግዚኦ! ገደል ሊከተን ነው!» ብላ ሕፃን ያቀፈች ሴት ጮኸች። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመና ሁሉንም አወረደ። አንዱ ተሳፋሪ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል፣ ሾፌሩ «ተው! ይጠብስሃል!» ብሎ እጁን ያዘው። ሞተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። እንደዚያች ሰዓት ፈርቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ተነሥቶ ኮፈኑን ከፈተና አጎንብሶ አየ። የጎማው ቱቦ ጣት በምታህል ስንጥቅ ተተርትሯል፤ ዙሪያውን ውሃው ሲያፈስ የተወው የቆየ ነጭ ዝቃጭ ደርቆበታል።

ቱቦውን በላስቲክ ጠፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ እያሳረፈ መካኒክ ዘንድ ደረሰ። መካኒኩም፣ «ያኔውኑ ብትመጣ ቱቦ ቀይሬ እሸኝህ ነበር። አሁን የሞተሩ ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ተቃጥሏል፤ ሞተሩ መፈታት አለበት። ይድናል። ሁለት ዳገት ብትጨምርበት ግን አይድንም ነበር» አለው።

አባም ወደ ሴትየዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ያንቺ የቱቦ ይሁን የሞተር እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። ግን ባታውቂውስ መቼ ከመፍራት ዳንሽ? ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ የሚያልፈው መዳኛ ጊዜሽ ነው። ነገ ጠዋት ተነሺ። ሐኪሙ በር ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።»