የእሰይታ ገደል

አንድ ጊዜ፣ የሐምሌ ጭጋግ ገና ከሜዳው ባልተነሣበት ማለዳ፣ ቀበሮ አህያን «ና፣ ነገር ላሳይህ» አለችው። የዚያ ዱር ነገር ሁሉ የተበላሸው በዚያ ማለዳ ነው።

ያሳየችው ገደል ነበር። አፋፉ ላይ ቆሞ አጭር ቃል የተናገረ ሁሉ፣ ድምፁን ቋጥኝ ከቋጥኝ እየተቀባበለ እስከ ዱሩ ዳርቻ ያደርስለታል። ረጅም ንግግር ግን እርስ በርሱ ተደባልቆ ይጠፋል። ስለዚህ አውሬዎቹ ማለዳ ማለዳ እየመጡ ውሏቸውን በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ፤ የሰማም ካለበት ሆኖ «እሰይ!» ብሎ ይመልሳል።

አህያ እናቷ የሞተችባትን ውርንጭላ ብቻውን የሚያሳድግ፣ ማንም የማያነጋግረው ዝምተኛ ነበር።

«ምን ብዬ ልጀምር?» አለ። «የምናገረው ቁም ነገር የለኝም።»

«ቁም ነገር ማን ጠየቀህ፣ አያ አህያ?» አለች ቀበሮ። «ምን በላህ? የት ተኛህ? ልጅህ እንዴት አደረች? እሱን በል። ዋናው በየቀኑ መምጣትህ ነው፤ ከቀረህ ይረሱሃል።»

አህያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ... ዛሬ እርጥብ ሣር አገኘሁ!»

ገደሉ ቃሉን ተቀብሎ ወሰደው። ጥቂት ቆየና ከወንዙ ማዶ፣ ከቁጥቋጦው፣ ከኮረብታው «እሰይ! እሰይ!» የሚል ድምፅ መጣ። የአንበሳ ድምፅ ሳይቀር ነበረበት። አህያ ዕድሜውን ሙሉ ስድብ እንጂ ምስጋና ሰምቶ አያውቅም። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ከዚያ ወዲያ ቀርቶ አያውቅም። ውርንጭላዋ ጥርስ ስታበቅል ተናገረ። ወንዙን ስትሻገር ተናገረ። አንድ ማለዳም እንዲህ አለ፦ «እኔ እዚህ ነኝ፤ ልጄ ከሾላው ሥር ተኝታለች! እንቅልፏ እንዴት ያምራል!»

«እሰይ!» አለ ዱሩ።

ያን ጊዜ ቀበሮ ከጅብ ዋሻ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። የጅብን ትራፊ ለቅማ የምታድር ናትና፣ ይህን ቃል ስትጠብቅ ከርማለች።

«ሰማህ፣ አያ ጅቦ?»

«ሰማሁ። እሰይ ልበል?»

«ሞኝ! አባትየው ገደሉ ላይ ነው፤ ልጅቱ ብቻዋን ናት።»

«የት ነው ያለችው?»

«አሁን ነገረህ እኮ! ከሾላው ሥር!»

አህያ እሰይታው እስኪያበቃ አዳምጦ ሲመለስ ከሾላው ሥር ያገኘው የተጋደመ ሣር ብቻ ነበር። እየተጣራ በየጥሻው ሲፈልግ ገደሉ ጮኸ። ጅብ በሌላ መንገድ ዞሮ አፋፉ ላይ ወጥቷል። የጠገበ ጅብ ምስጢር አይችልም።

«ዛሬ ከሾላው ሥር ለስላሳ ቁርስ በላሁ!»

ዱሩም ቃሉን ሳያላምጥ፣ እንደ ልማዱ «እሰይ!» አለ። አንበሳም «እሰይ!» አለ።

አህያ አንበሳ ዘንድ ሄዶ አውጫጭኝ ይጠራልኝ ብሎ አመለከተ። አውጫጭኝ፣ በደል ሲፈጸም የአገሩ ነዋሪ ሁሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚያወጣበት ሸንጎ ነው። አውሬዎቹ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ።

«ጅብ በገዛ አፉ ተናግሯል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ አህያ። «እመት ጦጢት፣ አልሰማሽም?»

«ያን ቀን ጆሮዬን አሞኝ ነበር።»

«አያ ከርከሮ፣ አንተስ?»

«እኔ ሥር እየቆፈርሁ ነበር። አፈር ውስጥ ምን ይሰማል?»

ሰምቻለሁ ማለት፣ እሰይ ብያለሁ ማለት ነውና ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለ አንበሳ ጅብን።

«እኔማ ሁላችሁም እሰይ ስትሉኝ ጊዜ፣ የተፈቀደ...» ብሎ ሳይጨርስ ቀበሮ እግሩን ረገጠችው።

«ጌታዬ» አለች ፈጠን ብላ፣ «ገደል የሚያመጣው ንፋስ ነው፤ ንፋስ ምስክር ቆሞ ያውቃል? ደግሞስ፣ ልጅቱ የት እንደተኛች ለአገር ያወጀው ማን ነው?»

አንበሳ ጢሙን ላሰ። ከዚያም «ጥፋተኛው ያወጀው ነው» ብሎ ፈረደና የአህያን ዓይን ሳያይ ተነሥቶ ሄደ።

አህያ ወደ ገደሉ ተመለሰ። «ልጄን ማን በላት? ማንስ ሰማ?» ብሎ ጮኸ። ለእርጥብ ሣር እሰይ ያለው ዱር ጭጭ አለ። የራሱ ድምፅ ብቻ ተመለሰለት። አሁንም ማለዳ ማለዳ እዚያው ቆሞ ይጠይቃል፤ በኋላ የተወለዱትም «ያ ነገረኛ አህያ ዛሬም ጀመረው» እያሉ ያልፋሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሏችንንና ጓዳችንን በየስልኩ ለማናውቀው ጆሮ ስንዘረግፍ እሰይ ባዩ ብዙ፣ በክፉ ቀን የሚመሰክረው ግን አንድም እንደማይገኝ ነውና፣ ያን ዕለት ሰምታችሁ እንዳልሰማ የሆናችሁ ሁሉ፣ ይልቁንም አንተ ዓይኑን ሳታይ የፈረድህበት፣ አህያው ቆሞ እየጠየቀ ነውና አሁን መልሱለት።