ቤት የገለበጠችው አንጓች

ድሮ ነው ልጆቼ፤ ድልድዩ ሳይሠራ፣ ሰው ወንዙን በመቀነት ተያይዞ በሚሻገርበት ዘመን። አንጓች የምትባል ጨው ቸርቻሪ መበለት ነበረች። ዘመድ የላት፣ መሬት የላት፤ ያለቻት አንዲት ጎጆ ብቻ። አንድ ቀን ከተማ ወርዳ ሁለት ዶሮዎቿን በአንድ ርካሽ ቴሌስኮፕ ለወጠች። እግሩ ሦስት ነው፤ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። ሰዉ ስም ሲያጣለት «ቧንቧው» አለው።

አንጓች አመሻሽ ላይ በቧንቧው ጨረቃን ታያለች። የጨረቃን ጉድጓድ ስታይ ብቻዋን ትስቃለች። ሰዉ ግን አላመናትም። ጨረቃ ደግሞ ምን አላት? የምታየው ጓዳችንን ነው አሉ። በር ዘጉባት። ከእሷ ጨው መግዛት ተዉ። አንጓች ጨረቃዋን አየች።

ቀጥሎ የመንደሩ ባለጸጋ የግራዝማች ተድላ ላም ወተቷ ነጠፈ። ሌላ ማን ይሆናል፣ ቧንቧው ነው አሉ። ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩት። አንጓች በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ ጨረቃዋን አየች።

በሦስተኛው ጊዜ ግራዝማች ራሳቸው በቀን መጡ። ቧንቧውን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤታቸው አዙረው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ኡኡ አሉ። ቤታቸው ተዘቅዝቋል! ጣራው ታች፣ መሠረቱ ላይ።

«ዛሬ በቧንቧ የገለበጠችውን ነገ በምድር ትገለብጠዋለች!» አሉ።

ሽማግሌዎች በአንጓች ደጅ ተቀመጡ። አንጓች ከነቧንቧዋ አገር ትልቀቅ ተባለ። ያን ጊዜ አለቀሰች። የት ትሄዳለች? እንባዋን ጠርጋ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡትን ሽማግሌ፣ አባ ዘርጋውን ለመነች።

«አባቴ፣ ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሁሉን ዘቅዝቆ ነው የሚያሳየው። ጨረቃዬንም እንዲሁ ነው የማያት። እስቲ እርስዎም ተዘቅዝቀው ይዩት።»

ሰዉ ሳቀ። አባ ዘርጋው አልሳቁም። ጀርባቸውን ለማዶው ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በእግራቸው መሀል በቧንቧው አዩ። ቤቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የግራዝማች ሚስት ደጃፍ ላይ ገብስ ያበጥራሉ።

«ቤቱ ደህና ነው፤ ሴትዮዋን ተዉአት» አሉ፣ እንዳጎነበሱ።

አንጓች በጎጆዋ ኖረች። ግራዝማች ግን እስኪሞቱ አላመኗትም፤ በደጇ የሚያልፉት ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ሰው ጎረቤቱን ሲከስ ሽማግሌዎች ቶሎ አይፈርዱም። «እስቲ እንደ አንጓች እንየው» ይላሉ። ተነሥተው፣ ጀርባቸውን አዙረው፣ አንዴ ያጎነብሳሉ። ከሳሹም አብሮ ያጎነብሳል። ቀና ሲል ክሱን ትቶ ወደ ቤቱ የሄደ ብዙ ነው።