የሰባት ዓመት ሙከራ

አቶ ጉልላት የሚባሉ የዳቦ ቤት ባለቤት ሠራተኛ ሲቀጥሩ የሙከራ ውል ያስፈርማሉ። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ያንኑ ውል ቀኑን ብቻ ቀይረው እንደገና ያስፈርማሉ። አንዲት ምላሰኛ ጋጋሪ እንዲህ ስትፈርም ስትፈርም ሰባት ዓመት ሞላት።

አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ ብትጠይቃቸው ተቆጡ። "በሙከራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ምን ፈቃድ አለው? ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጪ!" አሏት። እሷም ሄዳ ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪው አመለከተች።

ቅዳሜ ጠዋት ተቆጣጣሪው ዳቦ ቤቱ ድረስ መጣ። አቶ ጉልላት እሷ የጋገረችውን ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ጋበዙት፤ እሳቸውም ትልቁን ቁራሽ አነሱ።

"ጌታዬ፣ ሕጉ ለሙከራ የሚፈቅደው ስልሳ የሥራ ቀን ብቻ ነው" አላቸው።

"እሱማ ሙያው ቶሎ ለሚታወቅ ሰው ነው" አሉ አቶ ጉልላት እያላመጡ። "የዚችን ሙያ ግን ብሞክር ብሞክር እስከ ዛሬ ልለየው አልቻልኩም። ተለይቷል የምትል ከሆነ ምስክሯን ታምጣ!"

ጋጋሪዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ጋሼ፣ ምስክሬንማ እርስዎ ታጥቀውታል" አለቻቸው። "እኔ ስቀጠር የዚህ ቀበቶ ጫፍ ዞሮ ጀርባዎ ይደርስ ነበር። ዛሬ ቀዳዳው ሁሉ አልቆ ጫማ ሰፊው ቀጥሎበታል። እኔን ሞክረው ባይጨርሱም፣ ቀበቶውን ጨርሰውታል።"